ውሃ የማይችል ሰዓት ላበረከቱልን ክቡር ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የእጅ ሰዓት ኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። የልብ ምትዎ የተስተካከለ፣ እንቅልፍዎ የጠለቀ፣ የዕለት እርምጃዎም ኩባንያዎ ካወጣው ልክ ያለፈ እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ። ይህን ሁሉ ክንድዎ ላይ ያሰሩት ሰዓት ከእኔ ቀድሞ እንደሚነግርዎ አላጣሁትም፤ ነገር ግን እኛ የሰው ጤና የምንጠይቀው በአፍ ስለሆነ ልማዱን መተው አቃተኝ። ቤተሰብዎ ደህና እንደሚሆን፣ ሰዓቱ በተመረቀበት አዳራሽ ውስጥ ጥቁር መነጽር አድርገው የነበሩት፣ የሸሪካችሁ የፋሽን ቤት ዋና ንድፍ አውጪም ዓይናቸው ተሽሏቸው እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እንዳለሁ አለሁ። ታላቅ እህቴ ግን አለች ለማለትም የለችም ለማለትም በሚያስቸግር ሁኔታ ላይ ናት፤ ይህን የምጽፍልዎትም ስለ እሷ ነው።

ደብዳቤዬን በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። በታሸገ ፖስታ የላክኋቸው እርስዎ ጋ ሳይደርሱ የሕግ ክፍልዎ እጅ ላይ እየቀሩ ስለተቸገርኩ፣ ቁርስዎን ሲበሉ ጋዜጣ ይገልጣሉ የሚል ወሬ ሰምቼ በዚህ በኩል መጣሁ። ቁርስዎን ካበላሸሁብዎ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይቅርታ መጠየቅ ብዙ እንደማይከብድ እግረ መንገዴን ላሳይዎትም ብዬ ነው።

ማን ናት ይህች እንዳይሉ፣ በሠራተኞች ምግብ ቤት ምግብ አብሳይ ሆኜ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ አረፍተ ነገሬ አንዳንዴ ቢወላገድ ይታገሡኝ፤ የሕግ ክፍልዎ ሆን ብሎ ከሚያወላግደው አይብስም። የእኔን ፊት አያውቁትም። የእህቴን እጅ ግን ያውቁታል። ከአውቶቡስ ጣቢያው ፊት ለፊት፣ መንገዶቹ በሚገናኙበት ላይ በተከላችሁት በዚያ ትልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ያረፈው፣ ሽብሽቡ ሁሉ በሩቅ የሚቆጠረው፣ የወርቅ ዓርማ ያለበት ሰዓት የታሰረበት፣ ከሥሩም «ከእጅዎ የማይለይ» ተብሎ የተጻፈበት እጅ የእህቴ ነው። እኔ እትዬ ነው የምላት። ሆስፒታል ልጠይቃት ስሄድ በየቀኑ ከእጇ ሥር አልፌ ነው የምሄደው። እጇ ከነሰዓቱ ላይ ሆኖ፣ እሷ ያለ ሰዓት ታች ተኝታ።

ቅሬታ የሚባል ነገር የለኝም። ምስጋና ነው ያለኝ፤ እንዳይደበላለቅብኝም በቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ፤ እህቴን ስለመረጣችሁልን አመሰግናለሁ። ከማስታወቂያ ክፍላችሁ የመጣችው ልጅ ኩባንያችሁ ከትልቅ ፋሽን ቤት ጋር ሽርክና እንደገባ፣ ለአረጋውያን የምትሠሩት ሰዓትም ከእንግዲህ እንደ ጌጥ የሚታሰር እንደሚሆን አስረድታን ስታበቃ፣ «እውነተኛ እጅ» እየፈለገች እንደሆነ ነገረችን። እህቴ ዕድሜዋን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ነበረች። ልጅቱ እጇን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ወይኔ እማማ፣ ይሄ እጅ እኮ ታሪክ ነው» አለቻት። እትዬም፣ «ታሪክ አይደለም ልጄ፣ ሳሙና ነው» አለቻት። ልጅቱ ሳቀች፤ አባባሉን ለማስታወቂያው ብትጽፈው እንፈቅድላት እንደሆነም ጠየቀች። እኔ ያን ዕለት ወደድኳት። አሁንም በእሷ አልፈርድም፤ ደሞዟን የምትከፍሏት እናንተ ናችሁ።

እትዬ ቀድሞ የነበራትን ሰዓት ልጇ ነው የገዛላት። ልጇ የረጅም መንገድ የጭነት ሹፌር ነው። የኩባንያዎ ሥራ የነበረው ያ ሰዓት ጥቁር፣ ማሰሪያው ጎማ፣ ቁጥሩ የምጣድ ያህል ትልቅ፣ ጎኑ ላይ ቀይ ቁልፍ የተለጠፈበት፣ ለዓይን የሚያስጠላ ነገር ነበር። አንድ ጊዜ ኮሪደር ላይ ወድቃ ቀዩን ቁልፍ ብትጫነው ስልኬ ጮኾ ከገበያ ሽንኩርት በእጄ እንደያዝኩ ሮጬ ደርሼላታለሁ። አብራው ትተኛ ነበር፣ አብራው ትታጠብ ነበር፣ ልብስ ስትዘፈዝፍ አረፋው ውስጥ ይገባ ነበር። የማስታወቂያ ክፍላችሁ ልጅ ያንን አስወልቃት በፕላስቲክ ከረጢት ከተተችውና፣ «ይሄ ከአገልግሎት ወጥቷል እማማ፣ በቅርቡ መሥራት ያቆማል» አለቻት፤ በምትኩ አዲሱን በስጦታ ሰጠቻት። ለእጇ ኪራይ መሆኑ ነው።

ፎቶ አንሺው ሽብሽቡ እንዲያበራ እጇን ዘይት ቀባው። ማሰሪያው ግን ከፋሽን ቤቱ የመጣ ቆዳ ስለነበረ ዘይት ሊነካው አይገባም ተባለ። ሰዓቱን ለብቻው ከፋይ ጨርቅ ላይ አስተኝተው አነሡት፤ እጇን ለብቻው አነሡት። እትዬ፣ «አታስሩልኝም እንዴ?» ብትላቸው፣ ፎቶ አንሺው፣ «ግድ የለም፣ በኋላ በኮምፒውተር እናስርሎታለን» አላት። እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ «ከእጅዎ የማይለይ» ተብሎ ከተጻፈበት በላይ የሚታየው ሰዓት በዚያ ፎቶ ላይ እጇን ነክቶት አያውቅም። ከተማው በሙሉ ሽቅብ እያንጋጠጠ የሚያየው ያልታሰረ ሰዓት ነው። ያን ጊዜ ነገሩ አስቆኝ ነበር። እየተለማመዳችሁ እንደሆነ አልገባኝም።

ሁለተኛ፤ ቀዩን ቁልፍ ስላነሣችሁልን አመሰግናለሁ። ሰዓቱ በተመረቀበት ቀን እህቴን መድረክ ላይ ካለ ወንበር አስቀምጣችኋት፣ እኔ ከኋላ ቆሜ ስለነበር የተባለውን በሙሉ ሰምቻለሁ። ባለ መነጽሩ ንድፍ አውጪ የድሮውን ሰዓት በሁለት ጣታቸው፣ የሞተ አይጥ እንደሚያነሣ ሰው አንጠልጥለው አሳዩና፣ «ይህ ቀይ ይጮኻል፤ ውበት አይጮኽም» አሉ። ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው። እርስዎም ቆመው አጨበጨቡ። እኔ ደግሞ ከኋላ ሆኜ መጮህ ሥራው አልነበረም እንዴ ብዬ አሰብኩ፤ ግን አዳራሹ የተማረ ሰው የሞላበት ስለነበር ለራሴ ያዝኩት። በቁልፉ ምትክ የወርቁን ዓርማ በለስላሳው ተጭኖ እስኪንቀጠቀጥ መጠበቅ እንደሚበቃ ተነገረን። የእህቴ ጣት ግን በረኪና የበላው ስለሆነ መስታወቱ አይሰማውም። ሌላ ሰው ሲነካው ይንቀጠቀጣል፤ እሷ ስትነካው ድንጋይ ነው። ጣቷን ሰሌዳ ላይ ለመስቀል «እውነተኛ» ያላችሁትን ያህል፣ ሰዓታችሁ የሰው ጣት ነው ብሎ ሊያምንላት አልቻለም።

እርስዎም ያን ዕለት ንግግር አድርገዋል። «እናቶቻችንን እናዘምናለን» ብለዋል። ተሳክቶልዎታል። እህቴ አሁን በዘመናዊ ብሎን ነው ዳሌዋ የተያዘው።

ሦስተኛ፤ ቁጥሮቹን ስለሰረዛችሁልን። እትዬ ፊደል አታውቅም። የምታውቀው ቁጥር ብቻ ነው፤ እሱንም የተማረችው አንሶላ ስትቆጥር ነው። እናንተ ይህችኑ ጥቂት ዕውቀቷን አይታችሁ አዘናችሁላት መሰለኝ፣ ቁጥሮቹን በሙሉ አንሥታችሁ በአራት ነጥብ ተካችኋቸው። የመጀመሪያ ቀን ትክ ብላ ስታየው ቆየችና፣ «ይሄን የሠራው ልጅ ሰዓቱን ያውቀዋል ወይስ እሱም ረስቶታል?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሰዓት ስንት ነው ብላ የምትጠይቀው እኔን ሆነ። ውድ ሰዓት እጇ ላይ እያለ ሰዓት የምትለምን ሴት ሆነች። ይህን እንደ ቀልድ ነው የምነግርዎት፤ ከዚህ ወዲያ ቀልድ የለኝም።

አራተኛው ስለ ከፋይ ትራሱ ነበር። ሰዓቱ ሲያርፍ የሚጋደምበት ትራስ አብሮት እንደመጣ፣ እህቴን ያስተኟት ክፍል ግን ትራስ ከቤታችሁ አምጡ እንዳለን ልጽፍ ጀምሬ ተውኩት። ትራሱን ከቤት ወስጄላታለሁ። ሰዓቱም የራሱ ላይ ነው። ሁለቱም ተጋድመዋል።

አምስተኛ፤ ስለ ቆዳው። የአጠቃቀም መመሪያችሁን ጮክ ብዬ ያነበብኩላት እኔ ነኝ፤ ደህና አድርጌም ነው ያነበብኩት። ውሃ አይንካው፣ ዘይት አይንካው፣ ላብ አይንካው፣ ሽቶ አይንካው፣ ፀሐይ አይየው ይላል። ከሰው ይራቅ ብላችሁ ብትጽፉት ወረቀት ትቆጥቡ ነበር። እትዬ ደግሞ የሰው ዕቃ የምታከብር ሴት ናት። ሙሉ ዘመኗን የሌላ ሰው አንሶላ እንዳይቀደድባት ስትሳቀቅ ስለኖረች፣ ስጦታ ሲሰጧት ራሱ አደራ የተሰጣት ያህል ነው የሚሰማት። ሳህን ስታጥብ ታወልቀዋለች፣ አንጓዋን አድርቃ መልሳ ታስረዋለች። ዝናብ ሲያካፋ መስኮት አጠገብ አትቀመጥም። ገላዋን ልትታጠብ ስትል ከፋይ ትራሱ ላይ አስተኝታ፣ ዓርማውን ወደ ላይ አድርጋ፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ መታጠቢያ ቤት የምትገባው።

ክቡርነትዎ አሮጊት የት እንደምትወድቅ ያውቃሉ? ድግስ አዳራሽ ውስጥ አይደለም። ምንጣፍ ላይ አይደለም። ለፎቶ በተዘረጋ ነጭ ጨርቅ ላይ አይደለም። ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም፤ ቤት ውስጥ አንድ አሮጊት ካለች ይበቃል። እናንተ የመውደቅ ደወል ሠራችሁና፣ የምትወድቅበት ቦታ ስትደርስ የሚወልቅ አደረጋችሁት። ሁለት ትላልቅ ድርጅቶች፣ ያ ሁሉ ስብሰባ፣ ያ ሁሉ የተማረ ሰው ተቀምጦ እኮ ነው። አንዱ እንኳ ገላውን አይታጠብም?

ስድስተኛው የዚያን ዕለት ነገር ነው።

እኔ መነጽሬን ላስጠግን ወጥቼ ነበር። ባለሙያው ጋ ተራ እየጠበቅሁ ሳለሁ ስልኬ ላይ ከሰዓታችሁ መልእክት ገባ። መነጽር ስለሌለኝ ስልኩን ከዓይኔ አርቄ፣ ፊደል ፊደሉን እየለቀምኩ አነበብኩት፤ «ውድዎ በእርጋታ ላይ ናቸው» ይላል። ደስ አለኝ። አጠገቤ ለተቀመጠችው ሴትዮ አሳየኋት። «ታድለሻል፣ እኔ የኔን ጉድ የምሰማው ቤት ስገባ ነው» አለችኝ። እርጋታ አይደል ብዬ ተጨማሪ ጉዳይ ጨረስኩ፤ ጫማ ጠጋኙ ጋ ሄድኩ፣ ፋርማሲ ገባሁ። እርጋታው ቀጠለ። መልእክቱ ደጋግሞ ገባ። በአንደኛው ላይ እንዲያውም ከሰሞኑ ሁሉ የተሻለ ዕረፍት እያደረገች እንደሆነ ገልጻችሁልኛል።

ትራሱ ላይ የተኛው ሰዓታችሁ በእርግጥም ተረጋግቶ ነበር። እህቴ ከግድግዳው ማዶ በመታጠቢያ ቤቱ እርጥብ ሴራሚክ ላይ፣ ዳሌዋ ተሰብሮ፣ ራቁቷን፣ የቀዘቀዘ ውሃ እየፈሰሰባት ነበር።

ያዳናት ማን እንደሆነ ባውቅ አመሰግነው ነበር ይሉ ይሆናል፤ ልንገርዎት። ውሃው ነው። ቆዳችሁ የሚፈራው ውሃ። በበሩ ሥር ወጣ፣ ኮሪደሩን ሞላ፣ ከታች ያለው ልብስ ሰፊ ሱቅ ጣሪያ ላይ ደረሰና መንጠባጠብ ጀመረ። ልብስ ሰፊው ደረጃውን ወጥቶ በራችንን በቡጢ እየደበደበ፣ «እናንተ ሴቶች፣ ሰው የሰጠኝን ሱፍ አበላሻችሁት እኮ፤ ልታሰምጡኝ ነው?» እያለ ጮኸ። መልስ ሲያጣ ጆሮውን ለጠፈ። ከዚያ በሩን በትከሻው ገነጠለው። እኔ ስደርስ የደንበኛውን ሱፍ አልብሷት፣ አጠገቧ ውሃው ውስጥ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር። እናንተ የመውደቅ ደወል ትሠራላችሁ፤ እሱ ሱሪ ያሳጥራል።

እትዬ አምቡላንስ ውስጥ የመጀመሪያ የተናገረችው ምን ይመስልዎታል? «ሰዓቱን ውሃ ነካው እንዴ?»

አልነካውም አልኳት። ተነፈሰች።

ለምን አልጮኽሽም ብላት ደግሞ፣ «ያቺ ልጅ ሰዓቱ እርስዎን ያውቅዎታል ብላኝ ነበር። ባወልቀውም ያውቀኛል ብዬ ጠበቅሁ። ኋላ ግን ድምፄ ከዳኝ» አለችኝ። ይህን ለባለ መነጽሩ ይንገሩልኝ፤ ውበት አይጮኽም ያሉት ልክ ነበር።

ሰባተኛና የመጨረሻው ምስጋናዬ ለመልሳችሁ ነው። ጽፌላችሁ ነበር፤ ገንዘብ አልጠየቅሁም፣ ክስ አላነሣሁም። ምክንያቴ አንድ ነበር። እህቴ ሆስፒታል ከገባች ጀምሮ ጥፋቱ የኔ ነው የምትል ሴት ሆነች። «የሰው ዕቃ ተሰጥቶኝ አላወቅሁበትም። አዋረድኳቸው። ስማቸው በኔ ምክንያት ይጠፋል» ትላለች። ምግብ አልበላ አለች። ከነርሶቹ ጋር ትቀልድ የነበረችዋ፣ አንሶላውን እያሸተተች «ይሄን ያጠበው ሰው ተጣልቷል ወይስ ቸኩሏል?» ትል የነበረችዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ጠዋት ጠዋት የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ከሰዓቱ ሰዎች መልስ መጣ?» ሐኪሙ አጥንቱ እንደማይገጥም፣ ሳንባዋም እንደተጎዳ፣ ወደ ቤት እንደማትመለስ ነግሮኛል። ስለዚህ አንድ መስመር ብቻ ለመንኳችሁ። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም የሚል መስመር።

መልሳችሁ በወፍራም ወረቀት፣ የሁለታችሁም ድርጅት ዓርማ በወርቅ ታትሞበት፣ የሕግ ክፍልዎ ጽፎት፣ በእርስዎ በራስዎ ፊርማ መጣ። እንዲህ ይላል፤ «ተጠቃሚዋ መሣሪያውን በራሳቸው ፈቃድ አውልቀውት የነበረ ስለሆነ ኩባንያችን ኃላፊነት አይወስድም። መሣሪያው እንደተነደፈው ሠርቷል። በተጨማሪም ማሰሪያው ላይ ያልተፈቀደ ቀዳዳ ስለተገኘ ዋስትናው ተቋርጧል።» ሰዎቻችሁ ቤት መጥተው ሰዓቱን ሲመረምሩ ያገኙትን ቀዳዳ እኔ ነኝ በወስፌ የበሳሁት። ማሰሪያው ለቀጭን አንጓ አልተሠራም ነበር፤ የእናንተ አረጋውያን ወፍራሞች ሳይሆኑ አይቀሩም። ከሥር ደግሞ ውሃ የሚችል ማሰሪያ በቅርቡ ለገበያ እንደሚቀርብና ለብቻው እንደሚሸጥ፣ ለእኛም ቅናሽ እንደተፈቀደልን ታክሎበታል። እንደተነደፈው ሠርቷል የሚለውን አንዱን መስመር አምኜዋለሁ። የቀረውን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

አሁን የምነግርዎት ለእርስዎም አዲስ ነው።

ፖስታውን ይዤ ስገባ እትዬ የወርቅ ዓርማውን ከሩቅ አየችው። ከግድግዳው ዞረች። «መጣ? አንብቢልኝ» አለች። ቆሜ በልቤ አነበብኩት። እሷ ከንፈሬን ታያለች። እኔ ያን ጊዜ ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ ያላደረግሁትን አደረግሁ፤ የሌለ ነገር አነበብኩ። ወረቀቱን ከፍ አድርጌ ይዤ፣ በጣቴ መስመሩን እየተከተልኩ እንዲህ አልኩ፤

«ውድ እናታችን፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ማሰሪያውን ውሃ እንዳይችል አድርገን የሠራነው እኛ ነን። ቀዩን ቁልፍ ያነሣነውም እኛ ነን። እርስዎ እንደነገርንዎት አደረጉ፤ እኛ ግን ሳናስብ ነገርንዎት። ይቅር ይበሉን።»

«እስቲ ድገሚልኝ» አለች። ቃሉ እንዳይጠፋብኝ ላብ በላብ ሆኜ ደገምኩት። «ጨዋ ሰዎች ናቸው። አየሽ? አንቺ ሰው አታምኚም» አለችኝ። ያን ዕለት ምሳዋን በላች። ስለ አንሶላውም ተሳደበች።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ይቅርታ ጠይቀዋል። ጥሩ አድርገውም ነው የጠየቁት፤ በሕይወትዎ እንደዚያ ያማረ ደብዳቤ ጽፈው የሚያውቁ አይመስለኝም። እህቴ ይቅር ብላዎታለች። እኔ አላልኩም፤ ግን እኔን የጠየቀኝ የለም።

ችግሩ ደብዳቤውን ከእጄ ተቀብላ ትራሷ ሥር ማስቀመጧ ነው። ሊጠይቃት ለመጣ ሁሉ እያወጣች፣ «ተመልከቱ፣ ራሳቸው ጽፈውልኛል፣ ጥፋቱ የኔ አይደለም ብለዋል» ትላለች። የክፍሉ ነርስ ተቀብላ አነበበችው። እስከ መጨረሻው ነው ያነበበችው። ከዚያ በማጠፊያው አጥፋ መለሰችላትና፣ «ደግ ሰዎች ናቸው እማማ» አለቻት፤ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ልብስ ሰፊውም አነበበው። እሱ እጇን ሳማት። እስካሁን የመጣው ሁሉ አንብቦ ዝም ብሏል። በዚህ ከተማ ስንት ደህና ሰው እንዳለ ያወቅሁት በእርስዎ ደብዳቤ ምክንያት ነው፤ ይህንንም ከምስጋናዬ ይቁጠሩልኝ።

አሁን ግን ልጇ እየመጣ ነው። ሹፌሩ። ጭነቱን አራግፎ፣ መንገዱ ቢቃና በዚህ ሳምንት ይገባል። የእናቱን አደጋ እንጂ ሌላውን አልሰማም። ይህ ልጅ መዋሸት የማይችል ፍጡር ነው፤ ገና ልጅ ሆኖ ስኳር ሰርቆ ሳይጠየቅ ነበር የሚናገረው፤ እናቱም በዚህ ስትኮራበት ኖራለች። ገና ከመግባቱ፣ «እስቲ ጮክ ብለህ አንብብልኝ፣ የአክስትህ ንባብ ይንተባተባል» እንደምትለው አውቃለሁ። ያ ልጅ በዚያ ከሞተር ድምፅ በላይ መናገር በለመደ ጉሮሮው የተጻፈውን ያነብላታል። ቀድሜ ነግሬው ቢዋሽ እንኳ ፊቱ ያጋልጠዋል፤ እሷ ማንበብ ያቃታት ፊደል እንጂ ፊት አይደለም።

ስለዚህ የምለምንዎት ይህን ነው። በዚያው ወፍራም ወረቀት፣ በዚያው የወርቅ ዓርማ፣ በዚያው ፊርማዎ፣ እኔ ያነበብኩላትን ቃል በቃል ጽፈው ይላኩልኝ። ከላይ ስላሰፈርኩልዎት ማሰብ አይጠበቅብዎትም፤ መገልበጥ ብቻ ነው። ስትተኛ ከትራሷ ሥር እቀይረዋለሁ። ለፍርድ ቤት አላቀርበውም፤ ከእሷ ጋር አብሮ እንዲቀበር አደርጋለሁ፤ የሕግ ክፍልዎ በዚህ ይጽናና። ይህን ጋዜጣ የምታነቡ ሌሎች ሰዎችም፣ እህቴን ለመጠየቅ ብትሄዱ ዝም እንድትሉልኝ በትሕትና እለምናለሁ። እስካሁን ያነበቡት ችለዋል።

ሰሌዳውን ለማውረድ አትቸኩሉ። እጇ እዚያ መሆኑ ያስደስታታል። «ከፍ ብሎ ነው የተሰቀለው?» ብላ ጠይቃኝ፣ በጣም ከፍ ብሎ ነው ብያታለሁ።

እንግዲህ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። ከልቤ ነው። አንጓዎ እስኪቀጥን፣ ጣትዎን መስታወት አላውቀውም እስኪለው፣ መታጠቢያ ቤት ብቻዎን ገብተው በሩን ከኋላዎ እስኪዘጉ ድረስ ይኑሩልኝ። ያን ጊዜም የሚወዱዎት ሰዎች የትም ቢሆኑ ስልካቸው ላይ እርጋታዎ ይድረሳቸው። እናትዎ በሕይወት ካሉ ደግሞ ከዚህ ሰዓት አንዱን በእጅዎ ክንዳቸው ላይ ይሰሩላቸው፤ መመሪያውንም ራስዎ ያንብቡላቸው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ ያለ ዋስትናና ያለ ቅናሽ፤

በሰሌዳው ላይ ያለው እጅ ባለቤት ታናሽ እህት፣
ወስፌ ያነሣችው።

የተረሳ፤ ወረቀቱ ያው ይሁን እንጂ ቀለሙን ይለውጡልኝ። እህቴ ደብዳቤውን ባወጣችው ቁጥር ስለምታለቅስበት የመጀመሪያው ላይ የነበረው ፊርማዎ ታጥቦ ሄዷል። የእናንተ ነገር ውሃ አይችልም።